የካሴት ሳጥኑ፦ የድሮ ፊልሞችን ወደ ኮምፒውተር የማስገባት የሥራ ማስታወሻ

ሥራው ይህ ነው። ከዘመድና ከጎረቤት የተሰበሰቡ የቪዲዮ ካሴቶችና ሲዲዎች አሉኝ። የአማርኛ ፊልም፣ የህንድ ፊልም፣ ከቴሌቪዥን የተቀዳ ድራማ፣ በመሃል የሰው ሠርግ። ሁሉንም ወደ ኮምፒውተር አስገብቼ ቅዳሜ ማታ ከፊልም ወዳጆቼ ጋር በፕሮጀክተር እያየን እንድንከራከርባቸው ነው ሐሳቤ። እየሠራሁ ነው የምጽፈው። ተመሳሳይ ሳጥን ቤቱ ያለው ሰው አይጠፋም።

ዴኩ

ካሴት ሞልቷል፣ ማጫወቻው ዴክ የለም። አዲስ የሚያመርት ፋብሪካም የለም። የመጨረሻው የጃፓኑ ፉናይ ነበር፣ እሱም እ.ኤ.አ. በጁላይ 2016 አቁሟል። ስለዚህ ያገለገለ መፈለግ ግድ ነው።

መርካቶ ውስጥ የጠየቅኳቸው ሻጮች መልሳቸው አንድ ነው፤ ዴክ ተፈታትቶ አልቋል፣ ዕቃው ለሌላ ጥገና ውሏል። በመጨረሻ እዚሁ ሰፈራችን ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግኑ ጋሼ አንድ ከመደርደሪያ ላይ አወረዱልኝ። 4,000 ብር። ውድ ነው ብዬ አልተከራከርኩም፣ ምክንያቱም ፓልንም ኤንቲኤስሲንም ያነባል።

ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ላስረዳ። እኛ አገር ስንጠቀምበት የኖርነው የቴሌቪዥን ምስል ዘዴ ፓል ነው፤ 625 መስመር፣ በሰከንድ 25 ምስል። አሜሪካ ኤንቲኤስሲ ነበር፤ 525 መስመር፣ በሰከንድ 30 ገደማ። ከዋሽንግተን ዘመድ የላከው የሠርግ ካሴት እዚህ ተራ ዴክ ውስጥ ሲገባ ምስሉ ይንከባለላል፣ ወይ ቀለሙ ይጠፋል። ብዙ ቤት "ይህ ካሴት ተበላሽቷል" ተብሎ የተቀመጠው ምንም ያልሆነ ኤንቲኤስሲ ካሴት ነው። ፍንጩ ጀርባው ላይ አለ። ኢ-180 የሚል ከሆነ በፓል 180 ደቂቃ የሚይዝ ነው፣ ቲ-120 የሚል ከሆነ በኤንቲኤስሲ 120 ደቂቃ። ይህ ግን ባዶው ካሴት የት እንደተገዛ እንጂ በምን እንደተቀዳ አያረጋግጥም። አስገብቶ ማየት ነው።

ሄዱን፣ ካሴቱን የሚያነበውን ክፍል፣ አብረን አጸዳን። ጋሼ መጀመሪያ ያሉኝ "ልጄ፣ ጥጥ እንዳታስነካው" ነው። ከበሮው በሰከንድ 25 ጊዜ የሚዞር ነው፤ ጎኑ ላይ ያሉት ሄዶች በጣም ጥቃቅን ናቸው፣ የጥጥ ክር ከያዛቸው ይሰበራሉ። ለስላሳ ቆዳ በአልኮል አርሰው ከበሮው ላይ ለጠፍ አድርገው ያዙትና በሌላ እጃቸው ከበሮውን ቀስ ብለው አዞሩት። ቆዳው አይንቀሳቀስም። ወደ ላይና ወደ ታች ማሸት ክልክል ነው። የወጣው ጥቁር እድፍ የስንት ዓመት እንደሆነ እንጃ። የላስቲክ ሮለሩን ግን በአልኮል ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ነው የጠረጉት፣ አልኮል ላስቲክ ያደርቃል።

ካሴት የሚጭነው ቤልት ላልቶ ነበር። ካሴት ይውጣል፣ መመለስ ይቸግረዋል። 250 ብር፣ ከሥራ ጋር።

ካሴቶቹን መለየት

ዴኩ ተሠራ ብሎ ወዲያው መክተት አያስፈልግም። መጀመሪያ እያንዳንዱን ካሴት ብርሃን ላይ ይዤ በመስኮቱ አየሁ። የፊልሙ ጥቅል ጠርዝ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው። ክረምት እርጥበት የሚይዘው ዕቃ ቤት ውስጥ ከኖረ ይሻግታል። አንድ የሻገተ ካሴት ዴኩን ይበክላል፣ ዴኩ ደግሞ ቀጥሎ የገባውን ሁሉ። እነዚያን በላስቲክ ከረጢት አስሬ ለብቻ አስቀመጥኩ።

ለቀሩት ሁለት ነገር አደረግሁ። አንደኛ፣ ከጀርባ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ ሰበርኩ። እሷ ከሌለች ዴኩ አይቀዳበትም፤ በስህተት ሪከርድ የሚጫን እጅ አይጠፋም። ሁለተኛ፣ ከማጫወቴ በፊት እስከ ጫፍ አጠንጥኜ መልሼ ጠመጠምኩ። ለዓመታት በአንድ ጎን የቆመ ካሴት ጥቅሉ ይጣበቃል፣ ውጥረቱም ወጥ አይሆንም። ይህን ሳያደርጉ በቀጥታ ሲያጫውቱት መሃል ላይ ሊታኘክ ይችላል።

መጀመሪያ የገባው ብዙም የማያሳዝን፣ ከቴሌቪዥን የተቀዳ የእግር ኳስ ጨዋታ ነበር። ሙሉውን በሰላም ወጣ። ከዚያ ነው ፊልሞቹን የነካሁት።

መቅጃው

ርካሹን የዩኤስቢ መቅጃ ነበር የገዛሁት፣ 1,800 ብር። ቢጫውን ጃክ ለምስል፣ ቀይና ነጩን ለድምፅ ሰክቶ መቅዳት ነው ይላሉ። የቆመ ምስል ላይ ምንም አይልም። ካሴቱ ትንሽ ሲያንገራግር ግን ስክሪኑ ሰማያዊ ይሆናል፣ ወይም ፍሬም፣ ማለትም አንድ ምስል፣ ይዘላል። የዘለለው ፍሬም ለብቻው ባልከፋ፤ ችግሩ ድምፁ ሳይዘል መቀጠሉ ነው። ፊልሙ ግማሽ ላይ ሲደርስ ተዋናዩ አፉን ከዘጋ በኋላ ነው የሚናገረው።

ሶፍትዌር ቀያየርኩ። ኦቢኤስ ሞከርኩ፣ ቨርቹዋልደብ ሞከርኩ። ቨርቹዋልደብ ስንት ፍሬም እንደጠፋ ስለሚቆጥር እሱን ይዤ ቀጠልኩ፤ ቁጥሩ ግን መጨመሩን አልተወም። ዕቃው ነው እንጂ ፕሮግራሙ አይደለም። ካሴት የሚሰጠው ሲግናል መስመር በመስመር ሰዓቱ አይስተካከልም፣ አንዱ መስመር ይቀድማል ሌላው ይዘገያል። የድሮ ቴሌቪዥን ይህን ይታገሳል፣ ኮምፒውተር አይታገስም።

መፍትሔው ያልጠበቅሁት ዕቃ ነው፦ የድሮ ዲቪዲ ሪከርደር። ምንም ሳይቀዳ፣ ምስሉን በእሱ በኩል ብቻ ማሳለፍ። ለዚህ ሥራ የታወቁት የፓናሶኒክ ዲኤምአር-ኢኤስ10 እና ኢኤስ15 ናቸው። የሚገባውን ሲግናል ሰዓቱን አስተካክለው ያወጣሉ። ጀርመን የኖረ አንድ ወዳጃችን ቤት ኢኤስ10 ተቀምጦ ተገኘ፣ በ3,500 ብር ተስማማን። ዴክ፣ ሪከርደር፣ መቅጃ፣ ኮምፒውተር በዚህ ቅደም ተከተል ሰካኋቸው። የጠፋ ፍሬም ዜሮ! በሜኑው ውስጥ ያለውን የምስል ማለስለሻ ግን አጠፋሁት፣ ፊትን ሰም ያስመስላል።

የምቀዳበት ልክ፦ 720 በ576፣ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ድምፅ 48 ኪሎኸርዝ፣ መጭመቂያው ሃፍዋይዩቪ። ይህ መጭመቂያ ከምስሉ ምንም አይጥልም። ያልተጨመቀው በሰዓት 75 ጊጋባይት ገደማ ይወስድ ነበር፣ በዚህ ግን ግማሹን እንኳ አይሞላም። ያም ሆኖ ብዙ ነው፤ ባለ 2 ቴራባይት ኤክስተርናል ገዛሁ፣ 11,000 ብር። ከወጪው ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፣ አይቆጨኝም።

መብራት ነው የቀረው። ካሴት መሃል ላይ ሲሄድ ፋይሉ አይከፈትም፣ ካሴቱም ከበሮው ላይ እንደተጠቀለለ ዴክ ውስጥ ይቀራል። ይህ የከፋው ነው። ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ፣ ተበደርኩ። አሥር ደቂቃ ያህል ይይዛል፣ ፋይል ለመዝጋትና ካሴቱን ለማስወጣት ይበቃል።

ሾሌይ ያለ መጨረሻ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሥራው ለምን እንደሚያስፈልግ የገባኝ በዚህ ፊልም ነው።

ሳጥኑ ውስጥ የህንዱ ፊልም ሾሌይ ነበር፣ ኢ-180 ካሴት ላይ የተቀዳ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1975 የወጣው፣ ራሜሽ ሲፒ የሠራው። እኛ ሰፈር ልጅ ሆኖ የፊልሙን ሽፍታ ጋባር ሲንግን ያልፈራ የለም። ቀድቼ ስጨርስ ፊልሙ በመሃል ቋ ብሎ ቆመ። ካሴቱ አለቀ። ነገሩ የሂሳብ ነው፤ ረጅሙ የሾሌይ ቅጂ 204 ደቂቃ ነው፣ ካሴቱ የሚይዘው 180። የቀዳው ሰው እስከ ቻለበት ቀድቷል። አክስቴን ጠየቅኋት። "እኛ ቤት ሁልጊዜ እዚያ ላይ ነው የሚያልቀው፣ የቀረውን ሲኒማ ያየ ሰው ነበር የሚነግረን" አለችኝ።

ቅዳሜ ይህን ሳነሳ ክርክር ተነሣ። አንደኛው ወዳጃችን መጨረሻ ላይ ፖሊስ ይደርስና ጋባርን የሚበቀለውን የቀድሞ ፖሊስ ታኩርን ያስቆመዋል፣ ጋባር ይታሰራል አለ። ሌላው ደግሞ ኧረ በጭራሽ፣ ታኩር ሚስማር ባለው ጫማው ረግጦ ይገድለዋል፣ በዓይኔ ነው ያየሁት አለ። ሁለቱም ምለው ተናገሩ።

ሁለቱም ልክ ናቸው። ሲፒ መጀመሪያ የቀረጸው ታኩር ጋባርን ሲገድል ነው። ህንድ ያኔ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበረች፤ ሳንሱሩ የቀድሞ ፖሊስ ሕግን በእግሩ ሲረግጥ አይታይም ብሎ አስቀየረው። ሲኒማ ቤት የገባው 198 ደቂቃው፣ ፖሊስ የሚደርስበት ነው። ዋናው መጨረሻ ለሕዝብ የወጣው ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1990፣ እንግሊዝ አገር በቪኤችኤስ፣ በተለመደው የቪዲዮ ካሴት፣ ነው። አስቡት! ዳይሬክተሩ የፈለገውን ፊልም ያየው ሲኒማ የገባው ሰው ሳይሆን ቤቱ ካሴት ያየው ሰው ነው።

ታኩር ይገድለዋል ያለው ወዳጃችን አጎቱ ለንደን ነበሩ። እናቱ ቤት ተፈልጎ ካሴቱ ተገኘ፣ ከእንግሊዙ የተቀዳ፣ ኢ-240 ላይ። ኢ-240 ረጅም ፊልም የሚይዘው ሪባኑ ስለሚሳሳ ነው፣ ስለዚህ ይለጠጣል። ፖዝ አላደረግሁም፣ ምስል እያየሁ ወደፊት አልሮጥኩም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንዴ፣ ቀስ ብሎ። መጨረሻው ላይ ትራኪንጉን፣ የዴኩን ምስል ማስተካከያ፣ በእጄ እያስተካከልኩ ነው ያለፈው። ታች በኩል የሚረብሽ መስመር አለ፣ ድምፁም ይንሾካሾካል። ግን ታኩር ገደለው፣ ከዚያም አለቀሰ። ፖሊስ በሚደርስበት ቅጂ ውስጥ ያ ለቅሶ ይህን ትርጉም የለውም። ሰውዬው ሁለት እጅም ቤተሰብም አጥቶ የቀረው አንድ ነገር በቀል ነበር፣ እሱም አለቀ። ለኔ ፊልሙ ይህኛው ነው።

ሌላም ክርክር ነበር። ሾሌይ በ70 ሚሊሜትር ታየ ቢባልም የተቀረጸው በ35 ነው፤ ካሜራው የቀረጸው እንደ ድሮ ቴሌቪዥን አራት በሦስት ቅርጽ ነበር፣ ለሰፊው ስክሪን ሲባል ከላይና ከታች ተቆርጦ ተለቀቀ። ብዙ ጊዜ የቪኤችኤስ ቅጂ የሰፊ ፊልምን ግራና ቀኝ ነው የሚቆርጠው። እዚህ ተገላቢጦሽ ነው፣ የእኛ ካሴት ላይ ከላይ ተጨማሪ ሰማይ ከታች ተጨማሪ መሬት አለ። ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ብዙ ስለሚያሳይ ካሴቱ ይሻላል ያሉ ነበሩ። እኔ ሰፊውን እመርጣለሁ፤ ፈረሶቹ በድንጋዮቹ መሃል ሲመጡ የተሰላው ለዚያ ቅርጽ ነው። መጨረሻው ግን ከካሴቱ።

እ.ኤ.አ. በ2025 ቦሎኛ፣ ጣሊያን፣ ሾሌይ ታድሶ ከነዋናው መጨረሻው በትልቅ ስክሪን ታይቷል። ያ በሰላም ቤታችን ሲደርስ የእኔ ቅጂ ጡረታ ይወጣል።

ሲዲዎቹ

የአማርኛ ፊልሞቹ ብዙዎቹ ቪሲዲ፣ ቪዲዮ የተጻፈባቸው ሲዲዎች፣ ናቸው፣ ክፍል አንድና ክፍል ሁለት። አንዱ ዲስክ 74 ደቂቃ ገደማ ስለሚይዝ ነው ሁለት የሚሆነው። ምስሉ 352 በ288 ነው፣ በፕሮጀክተር ሲሰፋ ፊቶች ካሬ ካሬ ይሆናሉ።

የተጫጫረ ቪሲዲ ከተጫጫረ የዳታ ሲዲ ይከፋል። ቪሲዲ ብዙ ምስል እንዲይዝ ሲባል የዳታ ሲዲ ያለው ተጨማሪ የስህተት ማረሚያ አልተጻፈበትም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ፋይሉን ኮፒ አድርግ ሲሉት ጭረቱ ላይ ሲደርስ ስህተት ብሎ ሁሉንም ይተወዋል። ኢሶበስተር የሚባለው ፕሮግራም ይሻላል፤ የማይነበበውን ዘሎ የቀረውን ያወጣል። ሁለት የተለያየ ሲዲ ማንበቢያ መሞከርም ጠቅሟል፣ አንዱ ያቃተውን ሌላው አነበበ። የወጣውን ዳት ፋይል ቪሲዲጊር በሚባል ትንሽ ፕሮግራም ወደ ተራ ኤምፔግ ቀየርኩት።

በጥርስ ሳሙና ማሸት ይሠራል ወይ የሚለውን ሞከርኩ። ከታች በኩል ላለ ቀላል ጭረት፣ ከመሃል ወደ ዳር ቀጥ አድርጎ በለስላሳ ጨርቅ ሲታሽ፣ አዎ። ክብ ክብ ማሸት አይገባም። ከላይ፣ ጽሑፉ ባለበት በኩል የተጫረ ግን አበቃለት። ምስሉ የተጻፈበት ንጣፍ ያለው ከጽሑፉ ሥር ነው እንጂ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ከታች አይደለም።

አንድ ፊልም በካሴትም በቪሲዲም ተገኘ። ቀለሙ ቪሲዲው ላይ የረጋ ነው። እንቅስቃሴው ግን ካሴቱ ላይ ይበልጣል፣ በግልጽ። በቪዲዮ ካሜራ የተቀረጸ ፊልም በሰከንድ 50 ግማሽ ምስል አለው፤ ቪሲዲ ግማሹን ጥሎ 25 ብቻ ነው የሚይዘው። ሰው ሲሮጥ፣ እስክስታ ሲመታ ልዩነቱ ይታያል። ስለዚህ ካሴት እያለ "ሲዲው አዲስ ነው" ብሎ ካሴቱን መጣል አይገባም።

ማጽዳት ወይስ መተው

የተቀዳው ጥሬ ፋይል ኮምፒውተር ላይ ሲታይ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል። ይህ የሁለቱ ግማሽ ምስሎች መደራረብ ነው፣ ጉዳት አይደለም። አቪሲንዝ የሚባል ፕሮግራም ውስጥ ኪውቲጂኤምሲ በሚባለው ስክሪፕት ለያይቼ በሰከንድ 50 ሙሉ ፍሬም አደረግሁት። የእኔ ላፕቶፕ ላይ የአንድ ፊልም ሥራ ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል። ሃንድብሬክ የሚባለው ፕሮግራም ይፈጥናል፣ ቀላል ሥራ ከሆነ ይበቃል፣ ሰው ሲሮጥ ግን ጥራቱ ይወርዳል።

ከዚያ ሌላው ጥያቄ መጣ። ከመካከላችን አንዱ በአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ እናሳድገው፣ ፎርኬ፣ እጅግ ጥርት ያለ ትልቅ ምስል፣ ይሁን አለ። ሞክረን ለማየት አንድ የአማርኛ ፊልም ላይ አጭር ትዕይንት ሰጠነው። ከሩቅ ጥሩ ይመስላል። ቀረብ ስንል የእናትየዋ ፊት የእሷ አይደለም፣ የተሠራ ነው። የጥልፉ ጥለት ተቀይሯል። ከኋላ ግድግዳ ላይ ያለው የአማርኛ ጽሑፍ ፊደል የሚመስል ግን ፊደል ያልሆነ ነገር ሆኗል። ይህ አይስማማኝም። ምስሉ ቢደበዝዝም የእሷ ፊት ይሁን።

ለምን እንደማከርር ልናገር። የኃይሌ ገሪማ፣ እ.ኤ.አ. የ1976ቱ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው የተቀረጸው፤ ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2006 በዚያው በቦሎኛ ሊታደስ ቻለ። የሚመለሱበት ፊልም ነበራቸው። በቀጥታ በቪኤችኤስ ካሜራ ለተሠሩት የአማርኛ ፊልሞች ግን መመለሻ የሚሆን ፊልም መጀመሪያውኑ አልነበረም። ዋናው ራሱ ካሴት ነው። የዋናው ካሴት ከጠፋ ደግሞ የአክስቴ ቤት ቅጂ ነው የቀረው። እሱን አስውቤ ጥሬውን ካጠፋሁ፣ ቀጥሎ የሚመጣ የተሻለ ዕቃ ያለው ሰው የሚነሣበት ነገር አይኖረውም።

ስለዚህ የተስማማንበት፦ ለእያንዳንዱ ፊልም ሁለት ፋይል። ጥሬው ታች ያለውን የሚረብሽ መስመር ጨምሮ ምንም ሳይነካ ይቀመጣል። የማየው ቅጂ በሰከንድ 50 ሙሉ ፍሬም የተደረገ፣ ድምፁ ትንሽ የተስተካከለ፣ ሌላ ምንም። ቀለም አልነካም። የፊልሙን ባለቤት ወይም የሠራውን ሰው ካገኘን ጥሬውን እንሰጠዋለን፣ ለሽያጭ አናወጣም።

አሁን ያለሁበት

ዴክ ከነቤልቱ፣ ሪከርደር፣ መቅጃ፣ ሃርድ ዲስክ ተደምሮ ከ20,000 ብር ትንሽ አልፏል። ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ያስፈልጋል፤ አንድ ቦታ ብቻ ያለ ፋይል እንደሌለ ነው የምቆጥረው። ወዳጆቼ አዋጥተን እንግዛ ብለዋል፣ ሁለተኛው ሌላ ሰው ቤት ይቀመጣል።

የሻገቱት ካሴቶች አልተነኩም። ጋሼ ለእነሱ ብቻ የሚሆን፣ የምስል ክፍሉ የሞተ ግን ሞተሩ የሚዞር ዴክ እየፈለጉልኝ ነው። እሱ ላይ ሪባኑን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ መሃል እያሳለፍን ደጅ እናጸዳለን፣ አፍ ተሸፍኖ። ክረምት ሳይገባ መሆን አለበት። ከመካከላቸው አንዱ ላይ በእስክሪብቶ "ድራማ፣ ክፍል 2" ብቻ ተጽፏል። ክፍል 1 ያለው ሰው ካለ ዴኩ ዝግጁ ነው፣ ካሴቱን አጠንጥኖ ያምጣ።